አውጣው ወይስ ተወው? የቤዝቦል ፕሌይኦፍ ከባዱ ውሳኔና የደጋፊው ፍርድ

ዛሬ ወደ ቤዝቦል እንወስዳችኋለን። "እኛ የምናውቀው እግር ኳስ ነው" የምትሉ አትሂዱብን፤ ከዜሮ ጀምረን ነው የምናስረዳው። አሰልጣኝ ጥሩ እየተጫወተ ያለ ልጅ ቀይሮ፣ ቡድናችሁ ተሸንፎ፣ ስልካችሁን ልትወረውሩ የደረሳችሁ ካላችሁ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል።

(ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔴 73 ኳስ ብቻ

ኦክቶበር 27፣ 2020። አርሊንግተን፣ ቴክሳስ። የዎርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የአሜሪካ ቤዝቦል የፍጻሜ ፍልሚያ፣ 6ኛ ጨዋታ። ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በጨዋታ 3 ለ 2 ስለሚመራ ይህን ካሸነፈ ዋንጫው የሱ ነው። በዚህ ምሽት ግን 1 ለ 0 እየመራ ያለው ታምፓ ቤይ ሬይስ ነው።

ምክንያቱ ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ የሬይሱ ወርዋሪ ብሌክ ስኔል። 9 መቺዎችን በስትራይክ አሰናብቷል። የዶጀርስ የመጀመሪያዎቹ ሦስት መቺዎች ሙኪ ቤትስ፣ ኮሪ ሲገር እና ጀስቲን ተርነር እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ቆመውለት ስድስቱንም ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

በ6ኛው ኢኒንግ ስኔል አንድ ምት ተመታበት። በጨዋታው ሁለተኛዋ ብቻ ነበረች። የሬይስ አሰልጣኝ ኬቨን ካሽ ወዲያው ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ ሜዳ ገባና ስኔልን አስወጣው። በ73 ኳስ! የስኔል ብስጭት በቴሌቪዥን በግልጽ ይታይ ነበር።

ኒክ አንደርሰን ተተካ። ቤትስ ወዲያው ሁለት ቤዝ የሚያስኬድ ምት መታ። ቀጥሎ አንደርሰን ያበላሻት ኳስ አንድ ነጥብ አስገባች፤ የሲገር ምት ሌላ ነጥብ ጨመረች። 2 ለ 1። ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ፤ ዶጀርስ ከ1988 በኋላ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ።

ሶሻል ሚዲያው ተቃጠለ። "ኮምፒውተር ነው ያሸነፈን" ያለው ብዙ ነው። የሚገርመው ግን ካሽ የዚያው ዓመት የአሜሪካን ሊግ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሎ ተመርጧል።

ታዲያ ሰውየው ምን ነካው? እንይ።

🔴 መጀመሪያ ጨዋታውን እንረዳው

▪️ ጨዋታው 9 ኢኒንግ አለው። በእያንዳንዱ ኢኒንግ ሁለቱም ቡድኖች በተራ ይመታሉ። 3 ተጫዋቾች አውት ሲሆኑ የቡድኑ ተራ ያልቃል።

▪️ ኳሷን ወደ መቺው የሚወረውረው ሰው ፒቸር ወይም ወርዋሪ ይባላል። ተጋጣሚ ነጥብ እንዳያስቆጥር የመጀመሪያው ጋሻ እሱ ነው።

▪️ 9 መቺዎች በተራ ይቆማሉ፤ ቅደም ተከተሉ አይቀያየርም። ዘጠነኛው ሲጨርስ ተራው ወደ አንደኛው ይመለሳል። ስለዚህ ጨዋታውን የጀመረ ወርዋሪ ብዙ ከቆየ አንዱን መቺ ሦስት ጊዜ ያገኘዋል ማለት ነው። ይህን "ሦስተኛ ዙር" ያዙልን፤ የጭቅጭቁ ሁሉ ምንጭ እሱ ነው።

▪️ ተተኪ ወርዋሪዎች ቡልፔን በሚባለው ቦታ ሆነው እያሟሟቁ ይጠብቃሉ።

▪️ ከሜዳ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ አይገባም። አበቃ።

▪️ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ የገባ ተተኪ ወርዋሪ ካልተጎዳ በስተቀር ቢያንስ 3 መቺዎችን መግጠም ወይም የኢኒንጉን ተራ መጨረስ አለበት። ማለትም የተሳሳተ ሰው ካስገባህ ቶሎ ማረም አትችልም።

🔴 ሦስተኛው ዙር ለምን ያስፈራል?

መቺው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም ኳሷ በምን ፍጥነት እንደምትመጣ፣ እንዴት እንደምትታጠፍ፣ ከወርዋሪው እጅ የት ላይ እንደምትለቀቅ አያውቅም። በሁለተኛው ዙር ትንሽ ይለምዳል። በሦስተኛው "አውቄሃለሁ" ይላል። የወርዋሪው ክንድ ደግሞ በዚያው ልክ እየደከመ ነው።

ተንታኞች የብዙ ዓመት መረጃ አገላብጠው ያገኙትም ይህንኑ ነው፤ በአማካይ ሲታይ መቺዎች በሦስተኛው ዙር የተሻለ ይመታሉ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ነገሩ በሦስተኛው ዙር ላይ ድንገት የሚመጣ ገደል ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያለ የሚወርድ ቁልቁለት ነው ብለው ይከራከራሉ።

በመደበኛው ውድድር እያንዳንዱ ቡድን 162 ጨዋታ ስላለው አሰልጣኙ የተተኪዎቹን ክንድ መቆጠብ አለበት፤ ጀማሪው ወርዋሪ ቢደክምም ትንሽ ይታገሰዋል። ፕሌይኦፍ ላይ ግን ነገ ላይኖር ይችላል። በጨዋታዎች መሃል የእረፍት ቀናት ስላሉ ምርጦቹን ተተኪዎች ደጋግሞ ማስገባት ይቻላል። ለዚህ ነው በፕሌይኦፍ ትዕግስት የሚያጥረው።

ካሽም ያለው ይህንኑ ነው፤ ቤትስና ሲገር ስኔልን ለሦስተኛ ጊዜ እንዲያዩት አልፈለገም። ስኔል ደግሞ በዚያ ዓመት በአንድም ጨዋታ 6 ኢኒንግ ሞልቶ አያውቅም ነበር።

🔴 ተቃራኒው ስህተት፦ ቦስተን 2003

"እሺ፣ ቢተወውስ?" ለምትሉ መልሱ 17 ዓመት ቀድሞ ተሰጥቷል።

ኦክቶበር 16፣ 2003። ቦስተን ሬድ ሶክስ በኒውዮርክ ያንኪስ ሜዳ፣ 7ኛና የመጨረሻ ጨዋታ፤ ያሸነፈ ዎርልድ ሲሪስ ይገባል። ቦስተን ከ1918 ጀምሮ ዋንጫ አላየም። በ8ኛው ኢኒንግ 5 ለ 2 እየመራ ነው። የሚወረውረው ደግሞ ከዘመኑ ምርጦች አንዱ ፔድሮ ማርቲኔዝ።

አንድ አውት ካገኘ በኋላ ዴሪክ ጂተር ሁለት ቤዝ የሚያስኬድ ምት መታ። በርኒ ዊልያምስም መታ፤ 5 ለ 3። አሰልጣኙ ግሬዲ ሊትል ወደ ፔድሮ ሄደ፣ አናገረው። እና... ትቶት ተመለሰ።

ሂዴኪ ማትሱይ መታ። ሆርሄ ፖሳዳ መታ። 5 ለ 5። ፔድሮ ሲወጣ 123 ኳስ ወርውሮ ነበር። በ11ኛው ኢኒንግ አሮን ቡን በመጀመሪያዋ ኳስ ሆም ራን መታና ያንኪስ 6 ለ 5 አሸነፈ።

ሊትል ብዙም ሳይቆይ ሥራውን አጣ፤ ቡድኑ ኮንትራቱን አላደሰለትም። በ2004 ቦስተን በሌላ አሰልጣኝ ዋንጫውን በላ።

አያችሁት? አንዱ አላወጣም ተብሎ ከሥራው ተሰናበተ፣ ሌላው አወጣ ተብሎ ተሰደበ።

🔴 ሁሉም የሚረሳው ግማሽ

እኛ እነዚህን ጨዋታዎች ስናገላብጥ አንድ ነገር ታዘብን። ደጋፊ ሁሌ የሚጨቃጨቀው ስለወጣው ሰው ነው። ጨዋታውን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ የገባው (ወይም ያልገባው) ሰው ነው። ውሳኔው ሁለት ግማሽ አለው፤ "ማን ይውጣ" እና "ማን ይግባ"። ሁለተኛውን ግማሽ ይዘን ታሪኩን እንደገና እንየው።

▪️ 2020፣ ታምፓ ቤይ። ኒክ አንደርሰን በመደበኛው ውድድር ድንቅ ነበር። በፕሌይኦፉ ግን ከዚያች ምሽት በፊት በገባባቸው 6 ተከታታይ ጨዋታዎች በሁሉም ነጥብ ተቆጥሮበታል። ስኔልን ማውጣት ያከራክራል፤ አንደርሰንን ማስገባት ግን ለማስረዳት ይከብዳል።

▪️ 2003፣ ቦስተን። ሊትል ፔድሮን የተወው ተተኪዎቹን ስላላመነ ነው፤ በመደበኛው ውድድር ቡልፔኑ ደካማ ነበርና። በፕሌይኦፉ ግን ማይክ ቲምሊን እና አለን ኤምብሪ በጣም ጥሩ ሆነው ነበር። ሰውየው ያየው የድሮውን ቡልፔን ነው።

▪️ 2016፣ ባልቲሞር። ኦክቶበር 4፣ አንድ ጨዋታ ብቻ፤ የተሸነፈ ወደ ቤቱ። የባልቲሞሩ ዛክ ብሪተን በዚያ ዓመት መሪነት እንዲያስጠብቅ በተሰጠው 47 ዕድል 47ቱንም አሳክቷል። አሰልጣኙ ባክ ሾዋልተር ግን "መሪነት ስንይዝ አስገባዋለሁ" ብሎ ሲጠብቅ መሪነቱ ሳይመጣ ቀረ። በ11ኛው ኢኒንግ ኡባልዶ ሂሜኔዝ ላይ የቶሮንቶው ኤድዊን ኢንካርናሲዮን ሆም ራን መታ፤ 5 ለ 2። ብሪተን ቡልፔን ውስጥ እንደተቀመጠ የውድድር ዓመቱ አለቀ።

▪️ 2023፣ ቶሮንቶ። ኦክቶበር 4፣ ሚኔሶታ ላይ። ሆሴ ቤሪዮስ 3 ኢኒንግ ያለ ነጥብ ወርውሮ፣ በ4ኛው አንድ መቺ በነጻ ወደ ቤዝ ስለላከ ብቻ በ47 ኳስ ወጣ። ግራኙ ዩሴ ኪኩቺ ገባ፤ እቅዱ የሚኔሶታን ግራኝ መቺዎች ለማፈን ነበር። በዚያው ኢኒንግ 2 ነጥብ ገባ፤ ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ። የቶሮንቶ ደጋፊ በአሰልጣኝ ጆን ሽናይደር ላይ ለወራት አልበረደለትም። ግን እኮ ቡድኑ ያስቆጠረው ዜሮ ነው! ዜሮ ይዞ ማንም አያሸንፍም።

▪️ 2024፣ ኒውዮርክ። የ2003ቱን ሆም ራን የመታው አሮን ቡን ትዝ ይላችኋል? አሁን እሱ ራሱ የያንኪስ አሰልጣኝ ነው። ኦክቶበር 25፣ የዎርልድ ሲሪስ 1ኛ ጨዋታ፣ 10ኛው ኢኒንግ፣ ያንኪስ 3 ለ 2 እየመራ። ቡን ከአንድ ወር በላይ ያልወረወረውን ኔስቶር ኮርቴስን አስገባ፤ ሌላው ግራኝ ቲም ሂል በፕሌይኦፉ ጥሩ ሆኖ ሳለ። የዶጀርሱ ፍሬዲ ፍሪማን የመጀመሪያዋን ኳስ ከሜዳ አስወጣት። ቤዞቹ ሁሉ ሞልተው ስለነበር በአንድ ምት 4 ነጥብ፤ 6 ለ 3። በዎርልድ ሲሪስ ታሪክ ጨዋታን የጨረሰ የመጀመሪያው ግራንድ ስላም።

🔴 አንዳንዴ ደጋፊው ራሱ ይሳሳታል

ኖቬምበር 1፣ 2015። የኒውዮርክ ሜትስ ወርዋሪ ማት ሃርቪ 8 ኢኒንግ ያለ ነጥብ ጨርሷል፤ ሜትስ 2 ለ 0 ይመራል። አሰልጣኙ ቴሪ ኮሊንስ ሊያወጣው ወስኖ ነበር። ሃርቪ "አልወጣም" ብሎ ተሟገተ። ስታዲየሙ ሙሉ ስሙን እየጠራ ይጮሃል። ኮሊንስ ልቡ ራራ፤ መለሰው።

በ9ኛው ኢኒንግ የመጀመሪያውን መቺ በነጻ ላከ፣ ሁለተኛው መታውና ነጥብ ገባ። ያኔ ወጣ፣ ግን ረፍዷል። ካንሳስ ሲቲ ሮያልስ አቻ ሆነ፤ በ12ኛው ኢኒንግ 7 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን በኒውዮርክ ሜዳ አነሳ።

"ተወው!" ብሎ የጮኸውና በማግስቱ "ለምን ተወው?" ያለው ሕዝብ አንድ ነው። ይህን ስንል በኒውዮርኮች ልንስቅ አይደለም፤ እኛም ብንሆን እንደዚያው ነበርን።

🔴 አንድ ሰው፣ ሦስት ፍርድ

ውጤት ፍርድን እንዴት እንደሚቀያይር ለማየት የዶጀርሱን አሰልጣኝ ዴቭ ሮበርትስን ተከተሉት።

👉 2018፦ በዎርልድ ሲሪስ 4ኛ ጨዋታ 4 ለ 0 እየመራ፣ አንድ ምት ብቻ የተመታበትን ሪች ሂልን በ7ኛው ኢኒንግ አወጣው። ተተኪዎቹ አፈሰሱት፤ ቦስተን 9 ለ 6 አሸነፈ። በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶናልድ ትራምፕ ሳይቀሩ በትዊተር ወቀሱት።

👉 2019፦ በ5ኛና ወሳኝ ጨዋታ ክሌይተን ከርሾን አስገብቶ በ8ኛው ኢኒንግም ተወው። የዋሽንግተን ናሽናልስ ተጫዋቾች አንቶኒ ሬንዶን እና ሁዋን ሶቶ በተከታታይ ሆም ራን መቱበት፤ ዶጀርስ ተሰናበተ። ያን ዓመት ናሽናልስ እስከ ዋንጫው ሄደ። በዲሲና አካባቢው ያላችሁ ቤተሰቦቻችን የዚያን ሰሞን ቀዩን ማሊያ ታስታውሱታላችሁ። ፍጻሜው 7ኛ ጨዋታ ላይም ሂዩስተን ጥሩ እየወረወረ የነበረውን ዛክ ግሬንኪን በ80 ኳስ አውጥቶ፣ የተተካው ዊል ሃሪስ ላይ ሃዊ ኬንድሪክ ሆም ራን መታ። ለሂዩስተን የዓመቱ ቅሌት፣ ለዲሲ የዓመቱ ደስታ!

👉 2025፦ ኖቬምበር 1፣ ቶሮንቶ፣ የዎርልድ ሲሪስ 7ኛ ጨዋታ። ዮሺኖቡ ያማሞቶ በዋዜማው 96 ኳስ ወርውሯል። እንዲህ የወረወረ ሰው ለቀናት ነው የሚያርፈው። ሮበርትስ ግን በ9ኛው ኢኒንግ፣ አንድ ነጥብ ከገባ ሁሉም በሚያበቃበት ሰዓት አስገባው። ያማሞቶ እስከ መጨረሻው ዘለቀ፤ ዶጀርስ በ11ኛው ኢኒንግ 5 ለ 4 አሸነፈ፤ ያማሞቶም የውድድሩ ኮከብ ተባለ።

አስቡት፤ ያማሞቶ ተመትቶበት ቢሆን ኖሮ? "ትናንት 96 የወረወረ ሰው ታስገባለህ?" ተብሎ ሮበርትስ እስከ ዛሬ ይሰደብ ነበር። ውሳኔው ያው ነው። የተለየው ኳሷ የወደቀችበት ቦታ ነው።

እንዲህ ያለ ድፍረት ከዚያ በፊትም ሠርቷል። በ2014 የሳን ፍራንሲስኮው ማዲሰን ባምጋርነር 5ኛውን ጨዋታ ብቻውን ወርውሮ ጨረሰ፤ ሁለት ቀን ብቻ አርፎ በ7ኛው ጨዋታ ተተኪ ሆኖ ገባና 5 ኢኒንግ ያለ ነጥብ ወረወረ። 3 ለ 2፣ ዋንጫ። እዚህም የወሰነው የገባው ሰው ነው።

🔴 ታዲያ እንዴት እንፍረድ?

ቀጣዩን ፕሌይኦፍ ስታዩ፣ ኮሜንት ከመጻፋችሁ በፊት እነዚህን 4 ጥያቄዎች ጠይቁ፦

1️⃣ ውሳኔው ሲወሰን ምን ይታወቅ ነበር? ኋላ የሆነውን እርሱት። አሰልጣኙ የነገውን ጋዜጣ አላነበበም።

2️⃣ የሚገባው ማን ነው? ሰሞኑን እንዴት ነው? ደክሟል? ከቆየ በኋላ ነው የሚገባው?

3️⃣ ቀጥሎ የሚቆመው መቺ ማን ነው? ወርዋሪውን ስንተኛ ጊዜ ነው የሚያየው? ግራኝ ነው ቀኝ?

4️⃣ ቡድኑ ራሱ ስንት አስቆጠረ? አንዳንዴ ወርዋሪው ምክንያት ነው፤ በሽታው ግን ምት ማጣት ነው።

በእነዚህ ስንለካው የእኛ ፍርድ ይኸውላችሁ። ግሬዲ ሊትል ተሳስቷል። የፔድሮ ድካም ከኳሱ ብዛትም ከተከታታይ ምቶቹም ይታይ ነበር፤ ዝግጁ ተተኪም ነበረው። ካሽ ግን ግማሽ ነው የተሳሳተው። አማካይ ቁጥር ስለ መቶ ወርዋሪዎች ይናገራል፤ በዚያች ምሽት ቆሞ ስለነበረው ስለ አንዱ ስኔል ግን ብዙ አይናገርም። ቢሆንም ማውጣቱን እንኳን ብንቀበልለት፣ 6 ጊዜ የተመታበትን ሰው 7ኛ ጊዜ ማስገባቱን ራሱ ቁጥሩ አይደግፈውም። ስለዚህ "ኮምፒውተር ነው ያሸነፈን" የሚለው ወቀሳ ልክ አይመስለንም። ቁጥሩን ግማሹን ብቻ ነው ያነበበው።

🔴 አንድ ነገር ግን እናስምርበት

መናደድ የደጋፊ መብት ነው። ወቀሳም፣ ቀልድም፣ ሚምም እንዲሁ። የጨዋታው ቅመም ናቸው። ግን ድንበር አለው።

በሜይ 2025 የሂዩስተኑ ወርዋሪ ላንስ ማኩለርስ ጁኒየር መጥፎ ቀን ገጥሞት ሲወጣ በሶሻል ሚዲያ እሱንም ልጆቹንም እንገድላለን የሚል ዛቻ ደረሰው። ፖሊስ ሲያጣራ የላከው ከአሜሪካ ውጭ ያለ፣ በጨዋታው ላይ ቤት አስይዞ የተበላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ያ የመደበኛው ውድድር አንድ ተራ ጨዋታ ነው። በፕሌይኦፍ የሚሸነፍ ወርዋሪ ስልኩን ሲከፍት ምን እንደሚጠብቀው መገመት አይከብድም።

ቤት የምታስይዙም ሆነ በስሜት ብቻ የምታዩ፣ ይህቺን ያዙ፦ ወርዋሪው ራሱን አላስገባም። የተጠራ ሰው ነው የገባው። ውሳኔውን ተቹ፣ ሰውየውን ተዉት።

ብሌክ ስኔል ራሱ ከዚያች የ2020 ምሽት በኋላ የት ደረሰ ለምትሉ፦ በ2023 የናሽናል ሊግ ምርጥ ወርዋሪ ሽልማትን ወሰደ። በኋላም ያን ምሽት ዋንጫውን ወደ ነጠቀው ቡድን፣ ወደ ዶጀርስ ተዛወረ፤ በ2025ቱ የቶሮንቶ 7ኛ ጨዋታም ከቡልፔን ወጥቶ ወረወረ። ከያማሞቶ በፊት የነበረው ወርዋሪ እሱ ነው። ከእጁ ኳሷን የወሰደበት ሮበርትስ ነው። በ2025 ግን ማንም አልተቆጣም፤ የገባው ሰው ሠርቷላ!

የዎርልድ ሲሪስ ጨዋታዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ነው። እንቅልፍ አጥታችሁ ካያችሁ ዓይናችሁን ከሚወጣው ላይ አንሱና ወደ ቡልፔኑ በር አድርጉ። ታሪኩ ከዚያ ነው የሚወጣው።

እናንተስ? ስኔልን ታወጡት ነበር ትተዉት? ከእግር ኳስስ እንዲህ ያቃጠላችሁ ቅያሪ የቱ ነው? ኮሜንት ላይ እንገናኝ። ለቤዝቦል አዲስ ለሆነ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት 🙏